«ተረጋግጧል» ብዬ የፈረምኩበት ማኅደር

ጡረታ የወጣሁ ቀን ሆስፒታሉ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። መስታወት ገብቶለታል፣ ዳሩ ወርቅ ቅብ ነው። «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ግርጌውን አየሁ። የደብዳቤ ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም፤ ራቅ ብሎ ባዶ ቦታ ላይ ተመቷል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ የመጣ ሰው ቢኖር «ወንድሜ፣ ይዘኸው ተመለስ» ነበር የምለው። የራሴ ሲሆን ተቀብዬ፣ እጅ ነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሚስቴ ግድግዳ ላይ ልስቀለው አለች። እንዳትሰቅዪው አልኳት። አልጋ ሥር ነው ያለው።

የእኔን ሥራ፣ የሐኪሞችን ማስረጃ ማጣራቱን፣ አሁን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። የሐኪሙ ስም ሲገባ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ አለቀ። የተካችኝ ልጅ ጠርታ አሳየችኝ።

«ጋሽ ሙሜ፣ አየህ? አንተ ሳምንት የሚፈጅብህ በአንድ ደቂቃ።»

«ምልክቱ ምን ይላል?»

«ትክክል ነው ይላል።»

«ምኑ ነው ትክክሉ? ወረቀቱ ነው ሰውየው?»

ሳቀችብኝ። «አቦ ጋሽ ሙሜ፣ ጡረታ ወጥተህም አለቀቀህም?»

አለቀቀኝም። ለምን እንዳልለቀቀኝ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ያልጣመው ይተወው።

የተወለድኩት ዋሂል አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ገብቼ መጀመሪያ ቀፊራ ገበያ ሸክም ተሸከምኩ። ከዚያ ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛ ሆንኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ አሁንም ሰው ይታከምበታል። ጥቂት ዓመት እንደቆየሁ የሠራተኞች መዝገብ ቤት ተላላኪ አደረጉኝ። ደመወዙ የጨመረው የሚታይ አልነበረም፤ ጥላ ሥር መቀመጡ ግን ድሬ ላይ ትልቅ ሹመት ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው መዝገብ ቤት ሲመደብ ማንም አልገረመውም። ማንም አልጠየቀኝማ።

እንዴት ትሠራ ነበር የሚለኝ አለ። ማኅደር የማውቀው በመልኩ ነበር። የነርሶቹ አለቃ፣ የማትሮኗ፣ ማኅደር ጠርዙ ተቀዷል። የላቦራቶሪው ሰውዬ ማኅደር ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለ። ደብዳቤ ደግሞ በማኅተሙ አውቀዋለሁ። የቱ ክብ፣ የቱ ባለ ማዕዘን፣ የቱ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የቱ መሥሪያ ቤት አጥብቆ እንደሚመታ፣ የቱ አጣሞ እንደሚመታ ዓይኔ ለምዶታል። «ከጤና ቢሮ የመጣውን አምጣ» ሲሉኝ ሳልሳሳት አመጣለሁ። ሰው ማንበብ ሲያቅተው ማኅተም ያነባል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ አብዶሽ ይባሉ ነበር። የሐረር ሰው ናቸው። ባቡር ላይ ጸሐፊ ሆነው ሠርተው፣ ባቡሩ ሲዳከም ወደ ሆስፒታሉ የመጡ። ከሐዲድ ላይ የወጡ አራት ትልልቅ ብሎኖች ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ፤ ቬንትሌተሩ ወረቀት እንዳይበትን የሚጭኗቸው። ማኅደር ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፣ አንጓቸው ሥር መሐረብ ያነጥፋሉ። «ድሬ ላይ ሌባ የማያጠፋውን ማኅተም ላብ ያጠፋዋል» ይሉ ነበር። ወረቀት የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው። የእንጨት ማስመሪያ ግርጌው ላይ ያስቀምጣሉ፤ መጀመሪያ ማኅተም፣ ቀጥሎ ፊርማ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ማስመሪያውን መስመር በመስመር ወደ ላይ ይገፉታል። ከላይ ያለው ሙገሳ ነው፣ ጉዳዩ ታች ነው ይላሉ። ወረቀቱ ደህና ሆኖ ሲያገኙት «ቦን» ይላሉ፣ ከባቡር ዘመን የቀረች ፈረንሳይኛ። ያቺን «ቦን» ሳያገኝ ደጃቸው የተመላለሰ ዶክተር ብዙ ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ባለቤቱ በእጁ ይዞ የመጣውን ደብዳቤ አያምኑም። የጻፈው መሥሪያ ቤት ዘንድ ይደውላሉ፤ የሚደውሉበትን ቁጥር ደግሞ ከደብዳቤው ላይ አይወስዱም። «ሌባ ከሆነ ቁጥሩም የሌባ ነው» ይላሉ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ማን መሰከረ? ምን ብሎ መሰከረ?

አንድ ጊዜ አዳዲስ አቃፊ መጣ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሰማያዊ። አቶ አብዶሽ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጠው ማኅደሩን ሁሉ ወደ አዲሱ አቃፊ አዛወሩት። ሰኞ ጠዋት «የማትሮኗን አምጣልኝ» አሉኝ። መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። የተቀደደ ጠርዝ የለም፣ ዘይት የለም። ሁሉም ሰማያዊ።

«ምን ሆንክ ሙሜ?»

«ሁሉም አንድ ሆኑብኝ።»

ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ማኅደሩን ራሳቸው አወጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስንወጣ ክንዴን ይዘው አጠገባችን ያለ ትምህርት ቤት የጎልማሶች ክፍል አስገቡኝ፣ ራሳቸው አስመዘገቡኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የልጅ ልጅ ነበራት። አቶ አብዶሽ ሲለዩኝ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ የማታውቀውን ቃል ጠይቅ። ያልጠየቅክ ቀን አባርርሃለሁ።» ሳልቀር ተማርኩ። ስድስተኛ ክፍልን ተፈትኜ አለፍኩ። ሰባተኛ ላይ ሚስቴ ታመመች፣ አቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ነው አቶ አብዶሽ የሐኪሞቹን ማኅደር ያስጀመሩኝ። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ላስረዳ። አንድ ሰው ሕክምና ተምሮ ሲመረቅ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ወባም ያያል፣ ስብራትም ያያል። ማህፀን ወይም አጥንት ብቻ የሚያይ ስፔሻሊስት ለመሆን ሌላ አራት ዓመት ገደማ በአንጋፋ ሐኪሞች ሥር ይሠለጥናል። ሥልጠናውን መጨረስ ግን አንድ ነገር ነው፣ ማለፍ ሌላ ነው። መጨረሻ ላይ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ እሱን ያላስተማሩ፣ አብረውት ሻይ ያልጠጡ ሐኪሞች ተቀምጠው ይፈትኑታል። የእኛ ሐኪሞች ይህን «ቦርድ» ይሉታል። ያለፈ የስፔሻሊስት ሰርተፍኬቱን ይይዛል። የወደቀ ሌላ ጊዜ ይቀመጣል። መውደቅ ነውር አይደለም፣ ጎበዝም ይወድቃል። ነውሩ ያላለፈውን እንዳለፈ አድርጎ ብቻውን ቢላ ማስያዝ ነው። ይህን የሚለይ የሦስት ሐኪሞች ኮሚቴ አለ፤ ኮሚቴው ማን ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን መሥራት እንደሚችል ይወስናል። ኮሚቴው ፊት የሚቀርበውን ማኅደር አጣርቶ «ተረጋግጧል» ብሎ የሚፈርመው መዝገብ ቤቱ ነው።

አቶ አብዶሽ ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ለእኔ ተሰጠ። ብሎኖቹንም፣ ማስመሪያውንም ተውልኝ። በዚያው ሳምንት ኮሪደር ላይ ሳልፍ አንዱ «ዘበኛው ዶክተር ሊመዝን ተቀመጠ» ሲል፣ ሌላው ሲስቅ ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ቃሉ ግን ገባ።

የማህፀን ሐኪማችን ተዛውሮ ቦታው ሰባት ወር ክፍት ነበር። ከባድ ከባዱ ሁሉ ወደ ሐረር ይላካል። በዚህ መካከል አንድ ዶክተር መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት። ጥሩ ሰው ነበር። ዘበኞቹን በስማቸው ይጠራል፣ በሽተኛ ሲያናግር ይቀመጣል። ለእኔ ከመቀመጫው ተነሥቶ «አቶ ሙሜ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ዶክተር ተነሥቶልኝ አያውቅም ነበር።

ማኅደሩ ውስጥ የጠቅላላ ሐኪምነት ዲግሪው አለ፣ የሙያ ፈቃዱ አለ፣ ከሠለጠነበት ሆስፒታል የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነው። እጄን ታጠብኩ። መሐረቤን አነጠፍኩ። ማስመሪያውን ግርጌው ላይ አደረግኩ። ማኅተሙ ፊርማው ላይ በደንብ አርፏል። ቀን አለው። ቁጥር አለው። ማስመሪያውን ወደ ላይ ገፋሁት። ስሙን አነበብኩ። «አራት ዓመት» የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ በላይ ረጃጅም ቃላት መጡ።

የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ የፊደል እንግሊዝኛ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ዲግሪ ያለው ወጣት ሠራተኛ ተቀምጧል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ወረቀቱን ይዤ ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ «ዘበኛው» የሚለው መጣብኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስልክ ደወልኩ። ቁጥሩን ከደብዳቤው ላይ አልወሰድኩም፣ እንደተማርኩት ከሌላ አገኘሁት።

«በዚህ ቁጥር ደብዳቤ ከእናንተ ወጥቷል ወይ?»

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። «አዎ፣ የእኛ ነው።»

«ፊርማውም የእናንተ ነው?»

«የእኛ ነው።»

አመስግኜ ዘጋሁት። ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ሁለቱም ስለ ወረቀቱ። ስለ ሰውየው አንድም አልጠየቅኩ። ማኅደሩ ሽፋን ላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ስሜ ያለበትን ቲተር መታሁ። ኮሚቴው በማግስቱ ተሰበሰበ። ሦስት ሐኪሞች፣ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚወርድላቸው፣ ማኅደሩን ከፍተው ያነበቡት የእኔን አማርኛ ነበር። ለዶክተሩ ሙሉ ፈቃድ ሰጡት።

ደብዳቤው የሚለውን ከብዙ ጊዜ በኋላ አወቅኩ። «የአራት ዓመት ሥልጠናውን አጠናቋል፤ የመጨረሻውን ፈተና በድጋሚ ይቀመጣል» ነው የሚለው። ውሸት የለበትም። ማኅተሙም እውነት፣ ፊርማውም እውነት፣ ቃሉም እውነት። እውነቱን ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ፈትያ የመልካ ጀብዱ ሴት ናት። ያኔ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ ሁለት ልጆች አሏት። ማህፀኗ ላይ ዕጢ ነበረባት፤ ደም ይፈሳታል። ዶክተሩ ማህፀኗን አወጣ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ ተባለ። ቤቷ በገባች በሳምንቷ ግራ ጎኗን ይዛ መጣች። «የቁስሉ ሕመም ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መለሳት። ሁለተኛ መጣች፤ ትኩሳት አላት። መድኃኒት ቀይሮ መለሳት። ሦስተኛ ስትመጣ በቃሬዛ ነው። ያን ቀን ዶክተሩ አልነበረም። አንጋፋው የቀዶ ሕክምና ሐኪማችን አያት። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ማህፀኑ ሲወጣ አብሮ በክር ታስሯል። ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ኩላሊቷ አብጦ መግል ይዟል። ሕይወቷን ለማትረፍ ኩላሊቷ ወጣ።

አጣሪ ተቀመጠ። አንጋፋው ሐኪም የተናገረውን ጥግ ቆሜ ሰማሁ። «ቱቦ ማሰር እኔንም ሊያጋጥመኝ ይችላል» አለ። «ቦርድ ያለፈ ሰው አይሳሳትም የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ግን ፈተናው ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼው ነው። ጎኗን ይዛ ስትመጣ ምን ትጠረጥራለህ? ነው ጥያቄው። ያለፈ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይጠረጥራል። በመጀመሪያው ቀን ቢጠረጠር ክሩ ተፈቶ ኩላሊቷ ይተርፍ ነበር።»

ዶክተሩን ጠየቁት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ደብዳቤውን ሰጥቻችኋለሁ። አልፌያለሁ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም» አለ። ማኅደር በዘይት ነጠብጣብ በምለይበት ጊዜ እኔም የምለው ይህንኑ ነበር።

ለፈትያ «ያጋጥማል» አሏት። ዶክተሩ ሥራ እንዲያቆም ተደርጎ ከከተማው ወጣ። ኮሚቴው ላይ የደረሰ ነገር የለም። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ወደ በሩ ተመለስኩ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር የመኪና መከልከያ ገመድ ሳወርድና ሳነሣ ቆየሁ። ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሦስት ወርም አልቆዩ፤ የተሻለ ሲያገኙ ይሄዳሉ። ሲቸግራቸው መልሰው ጠሩኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ ሊጠይቁኝ የሚገባም አልነበረም።

በሩ ላይ ሳለሁ አንድ እሑድ አቶ አብዶሽ ቤት ሄድኩ። ስኳር ይዟቸው እግራቸው አብጧል፣ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ሁሉን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ማን መሰከረ?» አሉኝ።

«ያሠለጠነው ሆስፒታል።»

«ምን ብሎ?»

«ከታች አንብብ ብለውኝ ነበር ጋሼ» አልኩ፣ ሞኝነቴ ሲገርመኝ ይኖራል። «ከታች አነበብኩ። ማኅተሙም ፊርማውም...»

«ከታች ጀምር አልኩህ እንጂ ከታች ቁም አልኩህ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሻይ መጣ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ። ሲሞቱ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ነበር፤ ያንን ሳያዩ አልሞቱም። «ቦን» ግን አላሉኝም።

ከተመለስኩ በኋላ ሥራዬን ቀየርኩት። እኔ ደብዳቤውን ከታች እስከ ላይ አነባለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ስልክ ስደውል «ወረቀቱ የእናንተ ነው?» አልልም። «ይህ ሰው ተፈትኗል? አልፏል? እነማን ፈተኑት?» እላለሁ። ኮሚቴው ደግሞ የእኔን ቃል ብቻ አይቶ እንዳይፈርም ሽፋኑ ላይ «ተረጋግጧል» መጻፍ ተውኩ። ደብዳቤው የሚለውን ራሱን ገልብጬ እጽፋለሁ። «ጨረሰ» ካለ ጨረሰ፤ «አለፈ» ካለ አለፈ። ሰለቹኝ። «ሙሜ ምላሱ ረዘመ» አሉ። ይሰልቹ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቴ አንዲት የማህፀን ሐኪም መጣች። ወጣት ናት፣ እጇ ቀልጣፋ ነው ይላሉ። ፈተናውን ተቀምጣለች፣ ውጤቱ አልወጣም። ዳይሬክተሩ አዲስ ነበር። ለበላዮቹ «በዚህ ሳምንት የማህፀን ክፍል ይከፈታል» ብሎ ቃል ገብቷል። እሷን አስከትሎ ቢሮዬ ገባ።

«አቶ ሙሜ፣ ማኅደሯ እዚህ የቆመው ለምንድን ነው?»

«ቦርዱ የለም።»

«ተፈትናለች። ውጤቱ መንገድ ላይ ነው።»

«ይድረስ።»

«እስከዚያ ሴቶቹ ይሙቱ?»

«ከሌላ ስፔሻሊስት ጋር ሆና ትሥራ። ብቻዋን የሚል አልጽፍም።»

«ሌላ ስፔሻሊስት የለማ! አንተ ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስድስተኛ።»

«ስድስተኛ ክፍል ሆነህ ስፔሻሊስት ልትመዝን?»

«እኔ አልመዝንም። የመዘኑትን ነው የምጠይቀው። ስድስተኛን ደግሞ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት።»

ፊቱ ቀላ። ሐኪሟ ወደ መሬት እያየች፣ «ልክ ናቸው ዶክተር፣ ገና አልወጣም» አለች። በሩን አላትሞ ወጣ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሰላምታ አልሰጠኝም።

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልጽፍም። ውጤቱ አራት ወር ፈጀ። አራት ወር ሙሉ ሴቶቻችን ወደ ሐረር ተላኩ። መንገዱ ላይ፣ ደንገጎ ዳገት፣ አምቡላንስ ውስጥ የወለደች አለች፤ እናትም ልጅም ተርፈዋል፣ ባይተርፉ ግን ደሙ ከማን እጅ ይፈለግ ነበር? ይህን አስቤ አላውቅም የሚል ሰው መዝገብ ቤት አይቀመጥ። ሐኪሟ ደግሞ አለፈች። ሰርተፍኬቱን ይዛ መጣችና «አሁንስ ጋሽ ሙሜ?» አለችኝ። «ተቀመጪ፣ ልደውል» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም። ተቀምጣ ጠበቀችኝ፣ ደወልኩ፣ ጻፍኩላት።

የቀረኝ ፈትያ ናት። ከኩላሊቷ በኋላ ፋብሪካው ከባድ ማንሣት አትችይም ብሎ አሰናበታት። ሆስፒታሉ በር አጠገብ ሳምቡሳ መጥበስ ጀመረች። ዓመት በዓመት በዚያ በር ስገባና ስወጣ እሷን አልፌ ነው። ሳምቡሳዋን በልቻለሁ፣ ስለ ልጆቿ ጠይቄያለሁ። ማን እንደሆንኩ ግን አልነገርኳትም።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ፊርማ ስመለስ ጠራችኝ።

«አቦ ሙሜ፣ ወጣህ አሉኝ።»

«ወጣሁ።»

«ወረቀት የሚያነብ እሱ ነው ይሉሃል። ሳትጠፋብኝ ይህን አንብብልኝ።» ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ያኔ ከሆስፒታሉ ስትወጣ የሰጧት ነው፤ ማጠፊያው ላይ ሊቆረጥ ደርሷል።

«ልጆችሽ አያነቡም?»

«ያነባሉ። ቶሎ ቶሎ ያዩትና 'ምንም አይልም እማ' ይሉኛል። ምንም የማይል ወረቀት ገጹን ይሞላል?»

በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ ነው። ከታች ጀመርኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ እያልኩ መስመር በመስመር ወደ ላይ ወጣሁ፣ በአማርኛ እየነገርኳት። አንድ ቃል አልገባኝም። በበሩ የምታልፍ ነርስ ጠርቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እህቴ፣ ይህቺን አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ። የግራ ኩላሊት ወጥቷል ይላል። ምክንያቱ፣ ቀደም ሲል በተደረገ ኦፕራሲዮን የሽንት ቱቦ በመታሰሩ ነው ይላል።

«ታሰረ? በምን?»

«በክር።»

«ያጋጥማል ነው ያሉኝ።» ዘይቱ ውስጥ ያለውን ገለበጠች። «ማን እንዳሰረው ይላል?»

«አይልም። ዶክተሩ ነው ያሰረው። የመጨረሻ ፈተናውን አላለፈም ነበር። ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ነበር።»

«ደብዳቤውን ማን አየው?»

«እኔ። ሳላነበው ፈረምኩ።»

«ማል ጄቴ?» አለች በኦሮምኛ፣ ምን አልክ ማለቷ ነው። ሰምታኛለች፣ ግን ደገምኩላት። ማኅተሙን እንዳየሁ፣ ረጃጅሞቹ ቃላት እንዳልገቡኝ፣ ሁሉንም። ደንበኛ መጥቶ ቆመ፤ በእጇ ቆይ አለችው።

«አጠገብህ የሚያነብ ሰው አልነበረም?»

«ነበር። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን።»

«ታዲያ ለምን አላስነበብክም?»

«አፈርኩ።»

ደንበኛው ሰልችቶት ሄደ።

«እኔ ይኸው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ አስነበብኩህ» አለች። «ምን ሆንኩ?»

እንደ ወትሮው ሳምቡሳ አላነሣችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልነሣ ስል በእጇ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«የት ትሄዳለህ? እንደገና አንብብልኝ። አሁን ከላይ ጀምረህ።»

ወረቀቱን እንዳይቀደድ በሁለት እጄ ይዤ ከላይ ጀመርኩ። ሳልዘል፣ እስከ ታች አነበብኩላት።